ጀርባው ያልተሣለው መጽሐፍ

ከደብረ ብርሃን መነሣት

ልጄን ላመጣ ነው የሄድኩት። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። ሰው ለንግድ ወይም ለስለት ሲሄድ ያየውን ሁሉ በደስታ ይጽፋል። እኔ የምጽፈው ግን ልጄ አንድ ቀን ፊደል ቆጥራ ብትጠይቀኝ ነገሩን እንዳላምታታባት ነው።

የሺን ለአቶ እድሪስ ቤት ስንሰጣት ጡት ከጣለች ብዙም አልቆየችም ነበር። ጣሊያን በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለውን መንደር ማቃጠል በጀመረ ጊዜ ባለቤቴ «ደጋው ለልጅ አይሆንም፤ እድሪስ ዘንድ ትቆይ» አለ። አቶ እድሪስ አልዩ አምባ የሚኖር እስላም ነጋዴ ነው። ባለቤቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ስለነበረ፣ ከባሕር በኩል የሚመጣውን ቀይና ሰማያዊ ቀለም የሚያቀርብለት እሱ ነበር፤ በቀለም የተጀመረው ነገር ወዳጅነት ሆኖ ቀረ። ከሁለት ክረምት በፊት ሦስታችን አብረን ወረድን፣ ሁለታችን ተመለስን። ከዚያ ባለቤቴ አንድ ደብር ሊሥል ሄደ። ወታደሮች መጡና በግቢው ያገኙትን ሁሉ፣ ቄሱንም ዲያቆኑንም ሰዓሊውንም፣ አሰልፈው ረሸኑ። ሬሳውን አልሰጡንም። ራሴን ተላጨሁ፣ ፊቴን ነጨሁ፣ ጥቁር ለበስኩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን መጻፍ አያስፈልግም።

በኅዳር ተሰማ የሚባል አህያ ነጂ ከአቶ እድሪስ ቃል ይዞ ደጄ ቆመ። ገብስ ወደ ቆላ አውርዶ ጨውና በርበሬ የሚያወጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«እሜቴ፣ እድሪስ ቤቱን ነቅሎ ወደ አዋሽ ማዶ ሊወርድ ነው» አለኝ። «ጣሊያን ግመሎቹን ለጭነት እየወሰደበት ተቸገረ። ይቺ ጨረቃ ሳታልቅ ይነሣሉ። ልጅዎን ካልወሰዱ ይዘዋት መሄዳቸው ነው። ከዚያ ወዲያ በረሃ ለበረሃ ቢዞሩም አያገኟትም።»

በማግስቱ በጣሊያኖቹ ጽሕፈት ቤት ደጅ ጠናሁ። የይለፍ ወረቀት ሰጡኝ። በላቲን ፊደልም በእኛም ፊደል ተጽፏል፤ የእኛው ፊደል የተንጋደደ ነው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ዳዊት አስደግመውኛል፤ ስለዚህ ማንንም ሳልለምን ራሴ አነበብኩት። «ወርዳ ከልጇ ጋር ትመለሳለች» ይላል። «ልጇ» የሚለውን ቃል በጣቴ ነካሁት። ያ ቃል ይበቃል ብዬ አምኜ ነበር።

በሶና ቆሎ ያዝኩ። ለየሺ ከበግ ጠጉር የተሠራ ትንሽ ባና አሰርኩ፤ ከቆላ ወጥታ የደጋውን ብርድ እንዴት ትችለዋለች ብዬ።

እስከ አንኮበር

የወጣነው ውርጩ ሣሩ ላይ ገና ነጭ ሆኖ ሳለ ነው። የበረሳን ወንዝ ተሻግረን ሜዳውን ያዝን። ገብሱ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ የሚያጭደው ሰው ስላጣ ቆሞ ረግፏል። በመንገዱ ዳር ግድግዳቸው ብቻ የቀረ የድንጋይ ቤቶች አየሁ፤ ጣሪያቸው ሣር ስለነበር በአንድ ክብሪት አልቋል። አንዲት ሴት ከእንዲህ ያለው ቤት ውስጥ፣ ሰማይ እየታየባት፣ ኩበት አንድዳ ባቄላ ትቆላ ነበር። ሰላም አልናት። ቀና ብላ አላየችንም።

ከሩቅ የካሚዮን ድምፅ ይሰማል።

«ወደ ጣርማ በር ነው የሚሄዱት» አለ ተሰማ። «ተራራውን በስተው በሆዱ ሊያልፉ ነው አሉ።»

«ተራራ ይበሳል እንዴ?»

«እሜቴ፣ ሰውን እንደዚያ ለሚበሳ ተራራ ምን ይከብደዋል?» ካለ በኋላ ጥቁር ልብሴን አየና አፈረ። እስከ ቀትር ድረስ አህዮቹን ብቻ ነው ያነጋገረው።

ሙሽ ላይ አረፍን። ጠላ የምትሸጠው ሴት ተሰማ ሊሬ ሲያወጣ ባየች ጊዜ ማንቆርቆሪያዋን መለሰች። «በዚህ ወረቀት እሳት እንኳ አይያዝ። ጨው ካለህ አምጣ፣ ከሌለህ ውሃ በነጻ ነው» አለችው። ውሃ ጠጣን። ሌሊቱን እዚያው አድረን በማግስቱ አንኮበር ገባን። ኬላው ላይ ያሉት ባንዳዎች ወረቀቴን ገልብጠው አይተው ለቀቁኝ። ወደ ታች የምትወርድ ሴት ማንም አይፈልጋትም።

ከአንኮበር ቁልቁል ያለው መንገድ ጉልበት ያንቀጠቅጣል። ጥዱ እያነሰ፣ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ከዚያ ማሽላ ይመጣል፣ ከዚያ የግመል ጠረን። እየወረድኩ በልቤ የምላትን ሳሰላስል ነበር። ትሮጥና ትጠመጠምብኛለች፣ እኔም አላለቅስም፣ ስለ አባቷ ዛሬ አልነግራትም። ሁሉንም አሰብኩ፤ የሆነውን ግን አላሰብኩም።

አልዩ አምባ

የአቶ እድሪስ ሚስት ዘሀራ ገና በሩቅ አይታኝ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። የኀዘን ልብሴን አይታ አብራኝ አለቀሰች። ግቢው ውስጥ ዕቃ ሁሉ በሰሌን ተጠቅልሎ፣ ለጭነት ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጃቸው ሀዋ ከበሩ ቆማለች። ከሀዋ ጀርባ አንዲት ልጅ አንገቷን አስግጋ ታየኛለች። አፍንጫዋ የአባቷ ነው።

«የሺ፣ ነይ፤ እናትሽ መጣችልሽ። ሳሚያት» አለቻት ዘሀራ።

ልጄ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። የተላጨውን ራሴን፣ የተነጨውን ፊቴን፣ ጥቁሩን ቀሚሴን።

«አይደለችም» አለች።

«ኧረ በአላህ! እናትሽን?»

«አይደለችም። እናቴ አለች።» ሮጣ ወደ ቤት ገባችና በትንሽ የቆዳ ማኅደር የተከተተ ነገር ይዛ ወጣች። ሳየው ወዲያው አወቅኩት።

ያ ነገር ባለቤቴ የሠራላት መጽሐፍ ነው። ሰዓሊዎች ስንስል ይሉታል፤ ረጅም ብራና ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ እንደ ሰንሰለት የሚዘረጋ፣ ፊደል የሌለበት፣ ሥዕል ብቻ። በሌላው ስንስል ላይ የሚሣሉት መላእክትና ጻድቃን ናቸው። ለየሺ ግን ያን ጊዜ የወረድንበትን መንገድ ሣለላት። በመጀመሪያው ቅጠል ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን፣ እኔ የሺን አዝዬ በር ላይ፣ እሱ በቅሎ ሲጭን። ከዚያ ወንዙ። ከዚያ በመንገድ ያገኘን ጅብ። ከዚያ የአንኮበር ጥድ። ከዚያ ገበያውና ግመሎቹ። በመጨረሻው የዚህ ቤት በር፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ስስማት። በሁሉም ላይ እኔ ሹሩባ ተሠርቼ ነጭ ለብሻለሁ። ጀርባው ባዶ ብራና ነው። «የመልሱን ስንመለስ እሥልበታለሁ» ብሎ ነበር።

ዘሀራ በሰሌን ላይ አስቀመጠችን። «ሁልጊዜ ያነቡታል» አለችኝ። «ለነዚህ ለሦስቱ ከዚህ ሌላ ጨዋታ የለም።»

ሦስተኛዋ የሀዋ ታናሽ ሰዓዳ ናት። ገና አፏን የፈታች ናት፤ የምታነበው በጣቷ ነው። «ግመል!» አለች። «በቅሎ! ዋ!» ጅቡን ስታይ እጇን ሰበሰበች። እዚያ አለቀ። ለሰዓዳ በሥዕሉ ውስጥ የሚሆን ነገር የለም፣ ያለ ነገር ብቻ ነው።

«አሁን እኔ» አለች የሺ። «ቢስሚላህ» አለችና ከቀኝ በኩል ገለጠችው።

ከቀኝ! እኛ መጽሐፍ የምንገልጠው ከግራ ነው፣ ባለቤቴም የጀመረው ከግራ ነው። እዚህ ቤት ግን ቁርዓን ከቀኝ ይገለጣል፤ ልጄም ያየችው እሱን ነው። ፊደል የሌለው መጽሐፍ ደግሞ ተሳስተሻል አይላትም። ስለዚህ የእሷ መጽሐፍ የሚጀምረው ከዚህ በር ነበር።

«ይቺ እናቴ ናት። ይቺ እኔ ነኝ። እየሳመችኝ ነው» አለች። ቅጠሉን ገለጠች። «ይሄ ገበያ ነው። ይሄ ሰውዬ ነው። ይቺ ሴትዮ ናት።» ገለጠች። «ዛፍ። ሌላ ሰውዬ። ሌላ ሴትዮ፣ ደክሟታል።» ገለጠች። «ጅብ። ሌላ ሰውዬ ዱላ ይዟል።»

«የሺ» አልኳት፤ ቅጠሉን በጣቴ እየነካሁ። «ሰውዬው እኮ አንድ ነው። ይሄም እሱ፣ ይሄም እሱ። አባትሽ ነው። ሴትዮዋም አንድ ናት፤ እኔ ነኝ።»

ነገሩ እንደማይገባው ሰው አየችኝ። ወደ ኋላ ገልጣ የመጀመሪያውን ሰውዬ አሳየችኝ። «ያኛው እዚያ ነው ያለው። ይኸው። እንዴት እዚህ ይመጣል?»

እውነትም እዚያው ነበር። ለልጄ ሰው ከቅጠል ወደ ቅጠል አይሄድም፤ በእያንዳንዱ ቅጠል ሰው ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሌላ ሰው ይመጣል። እናቷ ጎንበስ ብላ በምትስምበት ቅጠል ላይ ሁለት ክረምት ሙሉ እየሳመቻት ኖራለች። አልሄደችም። ታዲያ ያልሄደች ሴት እንዴት ትመጣለች?

«ቂል!» አለቻት ሀዋ። «አንድ ሰውዬ ነው፣ እየሄደ ነው። ስጪኝ ላንብበው።» ሀዋ ትልቅ ናት፤ በእሷ አፍ ውስጥ ሰዎቹ ሁሉ አንድ ሆነው መንገድ ያዙ። እሷም ግን ከቀኝ ነው የጀመረችው። «ሰውዬውና ሴትዮዋ ልጃቸውን እኛ ቤት አስቀመጡ። በገበያው አለፉ። ሴትዮዋ በመንገድ ስለልጇ አለቀሰች። ጅብ መጣባቸው፣ ሰውዬው አባረረላት። ከዚያ ቤታቸው ገቡ። ልጃቸው ስለናፈቀቻቸው ሌላ ልጅ ወለዱ። ይቺውና፣ አዝላታለች።» ከዚያ ቀና ብላ በየዋህነት ጠየቀችኝ። «ትንሿን የት ተውሻት?»

የመጀመሪያው ቅጠል ለእነሱ የመጨረሻው ነው። እኔ የሺን አዝዬ የቆምኩበት በር፣ እሷን ጥዬ ሌላ ያዘልኩበት በር ሆነ። ልጄ ይህን ስንት ቀን ሰምታው ይሆን?

«ሌላ ልጅ የለኝም» አልኩ።

የሺ ቅጠሉን አየች፣ እኔን አየች። «እኔም አላልኩም?» አለች ሀዋን። «ይቺ ሌላ ናት።»

ዘሀራ ነገሩን ለማቅለል መጽሐፉን ገልብጣ «ይሄስ ምንድነው የኔ እናት?» አለቻት፤ ባዶውን ጀርባ እያሳየች።

«ጉም ነው» አለች የሺ። «ሰው አይታይበትም።»

ማታ አቶ እድሪስ ከግመሎቹ ዘንድ መጣ። ባለቤቴን አስታውሶ ለረጅም ጊዜ ዱዓ አደረገ። «እህቴ፣ ትንሽ ብትቆዪና ብትለምድሽ ደስ ባለኝ» አለ። «ግን ነገ ከነገ ወዲያ እንነሣለን። ከፈለግሽ ከኛ ጋር ትሁን፤ እንደ ሀዋ ናት። አላህ ሰላም ሲያወርድ ትወስጃታለሽ።»

ዘሀራ የልጄን አንገት ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። «ማተቧ ይኸው። ሲያልቅ ሌላ ገዝቼ አሰርኩላት። አደራሽን አልበላሁም።»

አመሰገንኳት፤ ይዣት እሄዳለሁም አልኩ። በደግ ሰው እጅ መሆኗ ይበልጥ አስፈራኝ፤ እዚያ ብትቀር አታለቅስም ነበርና።

ወደ ላይ

በማለዳ ስንነሣ ለየሺ «ወደ ሥዕሉ ቤት እንሄዳለን» አልናት። ሀዋ ማኅደሩን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችላት። ስማ ለቀቀቻትና ወደ ቤት ሮጣ ገባች፤ ሳትታይ ልታለቅስ መሰለኝ። የሺ በተሰማ አህያ ላይ በጨው ጭነቱ መካከል ተቀመጠች። እኔ ልዘላት ብል አልፈለገችም።

«ሴትዮዋ ትታዘላለች?» ብላ ተሰማን ጠየቀችው።

«ሴትዮዋ? እሜቴን ነው?» አለ ተሰማ። «እሷማ ትከብዳለች። አህያዬ እንዳትሰማሽ፣ ታምፃለች።»

ሳቀች። ከመጣሁ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው፤ ያሳቃትም እኔ አልነበርኩም።

ከቀትር በኋላ ከጥዱ ጋር ጉም መጣ። መጀመሪያ ሸለቆው ጠፋ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ የፊተኛው አህያ። ባናውን አለበስኳት። ትፈራለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ ዙሪያውን አየች።

«ጀርባው ላይ ደረስን» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የመጽሐፉ ጀርባ ላይ ነን። እዚህ ሰው የለም።» እጇን ወደኔ ዘረጋች። «አንቺ እንዳትጠፊ» አለችኝ።

ያን እጅ እስከ አንኮበር አልለቀቅኩትም። ለእናቷ የተዘረጋ እጅ አልነበረም፤ በጉም ውስጥ አጠገቧ ለተገኘች ሴት የተዘረጋ ነበር። ቢሆንም ያዝኩት።

ኬላው

አንኮበር ኬላ ላይ ስንደርስ ጉሙ ሳሳ። ከቆላ የሚወጣን ሁሉ ያስቆማሉ። አስተርጓሚው ካፖርት የደረበ ጎልማሳ ነው፤ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ወረቀቴን ተቀበለኝ።

«ከልጇ ጋር ይላል። ይቺ ናት?»

«አዎን ጌታዬ።»

ጎንበስ አለ። «ሚጡዬ፣ ይቺ ማን ናት?»

የሺ አየችኝ። ውሸት ገና አልለመደችም። «ሴትዮዋ ናት» አለች።

«እናትሽ አይደለችም?»

«እናቴ እዚህ ውስጥ ናት» ብላ ማኅደሩን መታ መታ አደረገችው።

አስተርጓሚው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ከበስተኋላው ካለው ቤት አንድ ጣሊያን ሹም ሲጋራ እያጨሰ ወጣ። ጥቂት ተነጋገሩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከታች ካለው ገበያ ሰው እየተሸጠ እንደኖረ ሹሙ ያውቃል። መንግሥታቸው ከልክሏል። የሰው ልጅ ሰርቀሽ ነው የምታወጪው?»

«የወለድኳት እኔ ነኝ!»

«ጌታዬ» አለ ተሰማ፣ «ይቺ ሌባ ብትሆን፣ እናቴ አይደለችም የምትል ልጅ መርጣ ትሰርቅ ነበር? ዝም የምትል አታጣም እኮ።»

«አንተ አፍህን ያዝ። ጨውህን አሁን እዘረግፈዋለሁ።» ወደ የሺ ዞረ። «እስኪ እናትሽን አሳይኝ።»

የሺ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ቢስሚላህ» አለች። ከቀኝ ገለጠች።

«ይኸው!» አለ አስተርጓሚው እጁን አጨብጭቦ። «አያችሁ አገላለጧን? የቁርዓን ቤት ልጅ ናት። ከእስላም ቤት ነው የሰረቅሻት።»

«ማተቧን እዩላት።»

«ክር በየገበያው ሞልቷል።» መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ አንድ በአንድ ያይ ጀመር። ሥዕል የሚያውቅ ሰው ነው፤ እኔም ይህን ሳውቅ ወደ ልጄ ተጠጋሁ። «ሰዓሊዎቻችን ክፉውን ሰው በአንድ ዓይን፣ በጎን ነው የሚሥሉት። እስኪ እዚህ ውስጥ በጎን የተሣለ ፈረንጅ ይኖር ይሆን?» ገለጠ፣ ገለጠ፣ ቆመ። «ይሄ በአንድ ዓይን ነው። ማን ነው?»

«ጅብ ነው» አለች የሺ።

«ጅብ መሆኑንማ አያለሁ። ማንን ለማለት ነው?»

«ጅብ» አለች ደግማ፤ ሰውዬው ማየት የማይችል መስሏት በጣቷ ጆሮውን አሳየችው። «ጆሮው ይኸው።»

ሹሙ ምን እንዳሉ ጠየቀ፣ ተነገረው፣ ሳቀ። እሱም መጽሐፉን ተቀብሎ ዘረጋው። ቀለሙን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። ጥፍሩን በሰማያዊው ላይ አሻሸ።

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ» አልኩ ለአስተርጓሚው። «የሣለው ባለቤቴ ነው። ሞቷል። በሁሉም ላይ ያለችው ሴት እኔ ነኝ።»

ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ። «ይቺ? ሹሩባዋ ትከሻዋ ላይ የወረደው? ባልሽ ከሣለሽ አንድም ይወድሽ ነበር፣ አንድም ዓይኑ ደካማ ነበር።» ባንዳዎቹ ሳቁ። ተሰማ ወደ አህዮቹ ዞረ።

ከዚያ ነገሩ አጭር ሆነ። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያዝንልኝ ዓይነት፣ ሹሙ መጽሐፉን እንደወደደው ነገረኝ። እንዲህ ያለውን ነገር ይሰበስባል፣ አገሩ ይልከዋል። መጽሐፉ እዚህ ከቀረ ወረቀቱ ትክክል ነው፣ ልጅቱም ልጄ ናት። ካልቀረ ግን የእናቷ ነገር እስኪጣራ ልጅቱ አዲስ አበባ ወዳለው የሕፃናት ማሳደጊያ ትላካለች።

ባለቤቴ የራሱን መልክ የሣለው በዚያ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። የቅዱሳን ፊት እንጂ የራሱን ሥሎ አያውቅም። በቅሎ ሲጭን፣ ዱላ ሲያነሣ፣ ደክሞት ጥድ ሥር ሲቀመጥ፣ ሌላ የትም የለም። መቃብር እንኳ የለውም።

«ይውሰዱት» አልኩ።

የሺ የሆነው የገባት ሹሙ መጽሐፉን አጥፎ ወደ ቤት ይዞት ሲገባ ነው። ከዚያን ቀን በፊት ከሰው አፍ ሰምቼ የማላውቀውን ጩኸት ጮኸች።

«እናቴን! እናቴን ሰጠቻቸው! ሀዋ! እናቴን ሰጠቻቸው!»

አንሥቼ አቀፍኳት። ነከሰችኝ። አልለቀቅኳትም። አስተርጓሚው ወረቀቴ ላይ ማኅተም መታበትና «ሂጂ፣ ልጅሽ ናት» አለኝ።

መመለስ

ከአንኮበር እስከ ሙሽ አልቅሳ አልቅሳ ድምፅዋ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ወደኔ አላየችም። ተሰማ ቀልድ አላወራም፣ አህዮቹንም አላነጋገረም። አንድ ቤት ማደሪያ ለምነን አደርን፤ የቤቱ እመቤት የገብስ ቂጣና ትኩስ ወተት ሰጠችን። የሺ ከእኔ እጅ አልቀበል ስላለች ሴትዮዋ ራሷ አበላቻት። «ምን ሆና ነው?» ስትለኝ «እናቷ ናፍቃት ነው» አልኩ።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ገባን። ተሰማ ልጅቱን አውርዶ ትንሽ ጨው በጨርቅ ቋጥሮ ሰጣት። «ልጅ ይረሳል እሜቴ» አለኝ ሊያጽናናኝ። እኔ ደግሞ የፈራሁት መርሳቷን ነበር።

ጎረቤቶች ወተትና ዳቦ ይዘው መጡ። «እሰይ! የሺ ከእናትሽ ጋር ተገናኘሽ?» አሏት።

«እናቴ አንኮበር ቀረች» አለች።

አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ አማተበች። እኔ እንጀራ ሳቀርብ ነበርና ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። ስወርድ ታሪኩ በእኔ እጅ ነው ብዬ ነበር፤ እናት እኔ ነኝ፣ ልጄ እሷ ናት፣ ወረቀቱም ይላል። አሁን የማምነው ሌላ ነው። ልጅ የሚይዘው ዓይኑ ያየውን ነው። የሺ አልተሳሳተችም። ያቺ ሹሩባ የተሠራች፣ ነጭ ለብሳ በእድሪስ በር ጎንበስ ብላ የሳመቻት ሴት እኔ አይደለሁም። ባል ነበራት፣ ስትመለስም በመንገድ ዘፍናለች። ዛሬ በገበያ ባገኛት ሳላውቃት የማልፋት ይመስለኛል። ልጄ ባትለየኝ ምን ይገርማል?

ትናንት ከጎረቤት ልጆች ጋር በር ላይ ተቀምጣ ሰማኋት። መጽሐፍ በእጇ የለም፤ መዳፏን ገልጣ በጣቷ እያሳየች ትነግራቸዋለች።

«እናቴ ነበረች። ከዚያ ፈረንጅ ወሰዳት። ከዚያ ጉም ሆነ። ከዚያ አንዲት ሌላ ሴትዮ መጣች፣ ራሷን የተላጨች። ነክሻት ነበር።»

«ከዚያስ?» አሏት።

«አልጣለችኝም» አለች።

ዛሬ ጠዋት ከአልጋዋ ወርዳ ቀሚሴን ያዘች። ምን ብላ እንደምትጠራኝ ሳታውቅ ቆይታ ነበር፤ ጎረቤት ልጆች ታላቅ ሴትን ሲጠሩ ሰምታ መሆን አለበት።

«እትዬ» አለችኝ።

«ወዬ» አልኳት።